ከተሰጠው በሽታ ውጪ

ድሮ ሐኪም ለመሆን ሦስት ነገር ይበቃ ነበር፤ ነጭ ጋዋን፣ ማንም የማያነበው ጽሕፈትና «ምላስዎን ያውጡ» የሚል ቆፍጣና ድምፅ። ዛሬ ጽሕፈቱን ማሽን ተረክቦታል፤ ምላሳችንም እንደ ድሮው ፈላጊ የለውም። ስለ መጪው ዘመን ሐኪም ሲወራ የምሰማው ፈጣን ጣት፣ የማይቆራረጥ ኔትወርክና ርኅራኄ እንደሚያስፈልገው ነው። ርኅራኄ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ የምትጠራው ቻርጅ ስለማትፈልግ ይመስለኛል።

ይህን ሁሉ ከየት አመጣኸው አትሉኝም? ታምሜ። ማለቴ፣ ታማሚ ተደርጌ። የአፋር ክልል ዋና ከተማ ከአሳይታ ወደ ሰመራ ሲዛወር ከፋይሎቹ ጋር አብሬ ተጭኜ የመጣሁ የወሎ ሰው ነኝ፤ አሁን ሐኪሞችን በሚያስተምር አንድ ኮሌጅ መዝገብ ቤት እሠራለሁ። ስሙን አልጠራም፣ እንጀራዬ ነው። እዚያ ተመራቂዎች የሚፈተኑት ታማሚ መስሎ በሚቀመጥ ጤነኛ ሰው ላይ ነው። ባለፈው ግንቦት ታማሚ ሊሆን የተቀጠረው ሰው ስለታመመ ቀረና «ጋሽ ይመር፣ እርስዎ ይተኩልን» አሉኝ። የፈተናው ክፍል ኤሲ አለው። በሰመራ ግንቦት ለኤሲ ሲባል የማይታመም ሰው ካለ አሳዩኝ።

በሽታዬ በወረቀት ተጽፎ ተሰጠኝ፤ ደረቴን ይወጋኛል፣ ውጋቱ ወደ ግራ ክንዴ ይወርዳል። ከወረቀቱ ውጪ መታመም ክልክል ነው። ፈታኙ ዶክተር ሌላ ክፍል ተቀምጠው በካሜራ ይከታተላሉ፤ ካሜራው ደግሞ የሚያየው ከጠረጴዛው በላይ ያለውን ብቻ ነው። ተማሪው መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ሁሉ ታብሌቱ ላይ ተደርድሯል፤ በጠየቀ ቁጥር ነካ ያደርጋል። ይህን ፈተና የወደቀ ከጓደኞቹ ጋር አይመረቅም።

ተማሪዎቹ ተራ በተራ ገቡ። «የት ጋ ነው የሚወጋዎት?» ይላል አንዱ፣ ታብሌቱን። «መቼ ጀመረዎት?» ትላለች ሌላዋ፣ እሷም ታብሌቱን። «አይዞዎት» ማለት ነጥብ ስላለው ሁሉም አይዞዎት አሉኝ። አንዱማ ጊዜ እንዳያጥረው ፈርቶ ገና በሩን ሲከፍት «አይዞዎት» ብሎኝ ነካ አደረገ። እንደዚያን ቀን የተጽናናሁበት ጊዜ የለም፤ ፊቴን ያየ ግን አንድም አልነበረም።

በመጨረሻ የአፋሯ የአዳይቱ ከተማ ልጅ ሐዋ ገባች። እናንተ አፋር አገር ካልኖራችሁ ዳጉን ላታውቁት ትችላላችሁ። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ፣ የመጣህበት መንገድ እንዴት ነው እየተባባሉ፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ወሬ ይለዋወጣሉ። ሐዋ ታብሌቱን በግንባሩ ደፋችውና ወንበሯን ሳበች።

«አባባ፣ ደህና ዋሉ? መንገዱ እንዴት ነበር?»

ወረቀቴ ላይ መንገድ የሚባል ነገር የለም። ግን ደህና ዋሉ ያለን ሰው እንዴት ዝም ይሉታል? «ከሎጊያ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ጎማው ተበስቶ፣ ጂቡቲ የሚወርዱትን ከባድ መኪኖች እየሸሸሁ በቁጥቋጦው መሃል አቋርጬ መጣሁ» አልኳት።

«ጎማውን ምን በሳው?»

«እሾህ ነዋ!»

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ባዶ የውኃ ጠርሙስ አየችው። «ውኃውን ጨረሱት።»

«ሰመራ አይደል እንዴ ያለነው?» አልኩ። በሰመራ ውኃ ጠማኝ ማለት ፀሐይ ወጣች እንደማለት ነው፤ ማንም ጉዳዬ አይለውም።

«እዚህ ክፍል ግን ይበርዳል፣ አባባ። ሌሊትስ ይጠጣሉ?»

«ስጠጣና ስሸና ነው የሚነጋው» አልኳት፣ የተሰጠኝን ውጋት ጭራሽ ረስቼ።

ወዲያው ጠረጴዛው ሥር ተንበረከከች። «አባባ፣ እግርዎ ላይ እሾህ ተሰክቷል። አያምዎትም?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ያ የባጃጅ ጎማ የሚበሳ እሾህ ነጠላ ጫማዬን ዘልቆ ተረከዜ ውስጥ ገብቷል፤ ደሙ ረግቷል። እኔ ምንም አልተሰማኝም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። ሐዋ «ስኳር ሳይሆን አይቀርም፤ አሁኑኑ ይመርመሩ» እያለች ደወሉ ተደወለ። ስለ ደረቴ አንዲት ጥያቄ አልጠየቀችኝም።

በምርመራው ስኳር ሆኖ ተገኘ። ያከመኝ ሐኪም እሾሁን እያወጣ «ይህን ሳያውቁ ቢሰነብቱ እግርዎን ያጡ ነበር» አለኝ። በማግስቱ የፈተናው ውጤት በቴሌግራም ተለቀቀ። ሐዋ ወድቃለች።

እያነከስኩ ፈታኙ ዘንድ ሄድኩ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ወንበር ስበውልኛል። «ጋሽ ይመር፣ ልጅቷ ልክ ናት» አሉኝ። «ግን ሲስተሙ የሚቀበለው የደረት ሕመም ብቻ ነው። ድጋሚ እንፈትናታለን።» ስለ እኔም የተጻፈ አስተያየት ነበር፤ አነበቡልኝ፦ «ታማሚው ከተሰጠው በሽታ ውጪ ታሟል።» በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኔ መች ደበቅኩ? የኮሌጁ በሽታ ከላይ ተደርቦብኝ ነው እንጂ።

ለድጋሚው ፈተና ታማሚ ልሁን ብዬ ለምኜ ገባሁ። ሐዋ ገና ሳትቀመጥ ውጋቴን፣ ክንዴን፣ ላቤን አንድ ሳላስቀር ዘረገፍኩላት። እሷም ዓይኗን ከታብሌቱ ሳትነቅል የተደረደረውን ጥያቄ ጠየቀች፤ ነካ፣ ነካ አደረገች። «አይዞዎት» አለችኝ፤ ነካ። ሙሉ ነጥብ እንደምታገኝ ገባኝ። ለዚሁ ብዬ የመጣሁ ሰውዬ ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ ይህችንም አስተማሩብን አልኩ በልቤ።

ደወሉ ተደወለ፤ የካሜራው ቀይ መብራት ጠፋ። እኔ ልነሳ ስል ሐዋ ታብሌቱን በግንባሩ ደፋችና ጠረጴዛው ሥር ተንበረከከች።

«ፈተናው አልቋል፣ አባባ» አለችኝ። «አሁን እግርዎን ያሳዩኝ።»