ቤተ ልሔም ድረስ ሄጄ ግድግዳ ሳስጎበኝ

ወገን፣ ዛሬ የሠራሁትን ስትሰሙ አንፎሎው እንዳታደርጉኝ አደራ!

የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ «ባሕር ዳር ሄደን ዓሣ እንብላ» ሲሉ፣ «ጋይንትን ሳታዩማ አይሆንም!» ብዬ ሙጭጭ ያልኩት እኔ ነኝ። የአባቴ አገር ነዋ! ታሪክ አለ፣ ሃይኪንግ አለ፣ ጋይዱ ደግሞ እኔው!

«ካልወደድነው ሁለተኛ ቦታ አትመርጭም» አለችኝ ሜሮን።

እሺ አልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንዲወዱልኝ በጣም ጓጉቼ ነበር።

ከአርብ ገበያ ከተማ ተነስተን ዳገት ቁልቁለቱን በእግር አስኬድኳቸው። ሜሮን ነጭ ስኒከር አድርጋለች። ጭቃው አልማራትም!

የጋይንቷ ቤተ ልሔም እንደደረስን ላይቭ ከፈትኩ። ክቡን ቤተ ክርስቲያን እየዞርኩ፣ ግድግዳውን እየዳበስኩ፣ ስለ ጥንታዊነቱ ለፈለፍኩ፣ ለፈለፍኩ። ኔትወርኩ ደግሞ እኔን ሊያዋርድ ዛሬ አልተቋረጠም!

ሜሮን ዞር ዞር ብላ አየችና፣ «በቃ? ይኸው ነው?» አለች።



ኩምሽሽ ብዬ እዚያው ደጃፉ ላይ ወደሚኖሩት አክስቴ ቤት ለምሳ ወሰድኳቸው። እቴቴ አገላብጠው ስመውኝ ሳይጨርሱ፣

«ገባሽ ልጄ?» አሉኝ።

ታሪኩን መስሎኛል እኮ! «አዎ እቴቴ፣ በደንብ ገባኝ!»

«ምን ገባኝ ትላለች ይቺ! ውስጥ ገባሽ ወይ ነው የምልሽ!»

ውስጥ?!

ለካ ክቡ ቤት ሽፋን ነው! ጥንታዊው የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ያለው ከውስጡ ነው! እኔ በላይቭ ስዳብስ የዋልኩት ካባውን ነው።

«የወንድሜ ልጅ ሆነሽ!» እቴቴ ሳቁ፣ ሳቁ፣ እንባቸውን ጠረጉ። ከዚያ የቀረበውን ምሳ ወደ ጓዳ መለሱት። «ሳትገቡማ እህል የለም! ሂዱ!»

ተባረርን። በራበው ሆድ!

ጫማችንን አውልቀን ገባን። ሜሮን የተጠረበውን ድንጋይ ስታይ «በስመ አብ» አለች። ያቺው «ይኸው ነው?» ያለችው ሜሮን!

እንውጣ ስንላት እንኳ «ቆዩ፣ ትንሽ» ብላ ተለማመጠችን። ደስ ብሎኝ አለቀስኩ፣ ምን ልዋሻችሁ።

አሁን መኪና ውስጥ ሆኜ የላይቩን ኮመንት ከፈትኩት። የጋይንት ልጆች ለካ ያኔውኑ ሲጮሁልኝ ነበር! «እህታችን፣ ኧረ ግቢ!» «በሩ ክፍት ነው እኮ!» «አንድ ሰው ይግፋልን!»

እስቲ የአባቱን አገር ደጅ ላይ ቆሞ ያስጎበኘ ሌላ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ብቻዬን ነኝ እንዴ?