ነፍስ በሜትር የሚለኩት ልብስ ሰፊ

ነገር ፈቺ የሌለው ሰፈር የለም። አንዱ ሕልም ይፈታል፣ ሌላው የጎረቤት ትዳር። ለእኛ ሰፈር ግን ከሁሉ የባሰው ደረሰው፤ ጸሎት የሚፈቱ ልብስ ሰፊ።

ክቡርነታቸው፣ በሰፈር ስማቸው «ሐኪሙ»፣ ይህን ሁሉ ጥበብ የቀሰሙት ስለ ድብቅ አእምሮ ከምታወራ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ነው። መጽሐፏ ሽፋኗ ተገንጥሎ ከገጽ ዘጠኝ ትጀምራለች። «ጎረቤት ላይ እንዳትሞክሩት» የሚለው ማስጠንቀቂያ በጠፉት ስምንት ገጾች ላይ እንደነበረ አልጠራጠርም።

የምርመራ ክፍላቸው መጋረጃው ጀርባ፣ መስተዋቱ ፊት ነው። እጁን ዘርግቶ፣ ዙሪያውን በስፒል ተሰክቶ የቆመ ሰው የት ያመልጣል? ሰውየው ስለ ጸሎቱ ሲያወራ እግዜርን ካነሳ፣ ሜትሩን ደረቱ ላይ ጠበቅ ያደርጉና «እግዜር ነው ያልከው? አባትህ ነው!» ይሉታል። ይቺ አባባል ከስፌት መኪናቸው ይልቅ ብዙ ሠርታለች።

አንድ ቀን ሰባኪያችን የካፖርታቸውን ትከሻ ሊያሰፉ መጡ።

«አባትዎ ትከሻቸው ሰፊ ነበር?» አሉ ሐኪሙ፣ ስፒል በከንፈራቸው እንደያዙ።

«ማን ነገረዎት?»

«ካፖርትዎ።»

ዳቦ ሻጯ ጎረቤታችን ደግሞ «በሕልሜ መልአክ ተቆጣኝ» ብላ መጣች።

«ሲቆጣ ያስላል?»

«እንደ እናቴ» አለች፤ ቀሚሷን ሳትለካ ወጥታ ሄደች።

እኔማ ሥራዬ ሰው ላይ መሳቅ ነውና ስቄ አልጠገብኩም። «የነፍስ ሱቅ» የሚል የፌዝ ጽሑፍ እየጻፍኩባቸው ሳለ ነው የአክስቴ ጉዳይ የመጣው።

አክስቴ አባቷን ከቀበረች ወዲህ ጸሎት አቁማለች። እህል አልወርድ ብሏት ቀሚሷ መስቀያ ላይ ያለ ይመስላል። እንዲጠብላት የወሰድኳት እኔው ነኝ፤ የቀረቻትን እምነት እንዳይነጥቋት ግን ፈርቼ ነበር።

ወገቧን ሲለኩ ራሷ ጀመረች።

«ስንበረከክ አባቴ ይታየኛል፣ ቀበቶውን እንደያዘ። ‹አባቴ ሆይ› ልል ስል አፌ ይያዛል። ዓመት ሞላኝ እኮ! እግዜር ጠልቶኛል መሰለኝ።»

ዓይኔን ጨፈንኩ። ያቺ አባባል ልትመጣ ነው። መጣችም።

«እግዜር ነው ያልሽው? አባትሽ ነው።»

ከዚያ ግን ስፒሎቹን ከአፋቸው አወጡ። ይህን ሲያደርጉ አይቼ አላውቅም።

«እንግዲህ ዓመት ሙሉ የሸሸሽው አባትሽን ነው፣ እህቴ። ከእግዜርማ ገና አልተዋወቃችሁም።»

አክስቴ ከት ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ። የዚያን ቀን ማታ በክፍሏ በር ሳልፍ «አንተ የማላውቅህ...» ብላ ስትጀምር ሰማኋት። ሦስት ወር ሳይሞላ ቀሚሱ ጠበበኝ ብላ እንዲሰፋ መለሰችው።

ጽሑፌን ቀደድኩት። እኔም አንዷን ሱሪዬን ሦስት ጊዜ አስጠብቤ ሦስት ጊዜ መልሼ አስለቅቄያታለሁ። ትናንት ሐኪሙ ወገቤን ለክተው ቀና አሉ።

«አንድ ጣት አልተለወጥክም። ምን ያመላልስሃል?»

«ሱሪው ነዋ፣ ጋሼ» አልኩ።

ሜትሩን ጠበቅ አደረጉት።

«ሱሪ ነው ያልከው?»