የቨርጂኒያ ነዋሪ፣ አላህ ካለ

ስለ ነገ አፍ ሞልቶ መናገር እኛ ያደግንበት ነገር አይደለም። እናንተስ ብትሆኑ፣ ጎረቤታችሁ «ነገ እመጣለሁ» ብሎ ደረቁን ጥሎት ቢሄድ ቅር አይላችሁም? እኔ የወሎ ልጅ ነኝ፤ እኛ ዘንድ «አላህ ካለ» ያልተከተለው ነገ ጨው እንደሌለው ወጥ ነው። ሠርጉም፣ ጉዞውም፣ የመኪና ዘይት መቀየሩም በእሱ ፈቃድ ነው። ይህ አመሌ አሜሪካ ስኖር አንድም ቀን አስወቅሶኝ አያውቅም፤ ቀጥሬው መንገድ ላይ የቆመውን ሰው ሁሉ ካልቆጠርን። የልጄ የሀያት የዩኒቨርሲቲ ጉዳይ እስኪመጣ ድረስ ማለቴ ነው።

ሀያት ሁለተኛ ደረጃን ሳትጨርስ ልቧ አንድ የቨርጂኒያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ላይ ወደቀ። ከትምህርት ቤት ጋር ሄዳ ጎብኝታው መጣች፤ ከዚያ ወዲህ የሌላ ዩኒቨርሲቲ ስም ሲነሳ ትከሻዋን መነቅነቅ ብቻ ሆነ። እኛ ደግሞ የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ። ከሌላ ስቴት ለሚመጣ ተማሪ ክፍያው የዚያው ስቴት ልጅ ከሚከፍለው እጥፍ ድርብ ነው፤ የእኔና የእናቷ ደሞዝ ተደምሮ አይደርስበትም። የነዋሪውን ክፍያ ለማግኘት ወላጆቿ ዓመት ሙሉ ቨርጂኒያ ኖረው፣ እዚያው ለመቅረትም ማሰብ አለባቸው ተባለ። ዘመድ ሁሉ «ምን ችግር አለ፣ ቨርጂኒያ ያለውን የአጎቷን አድራሻ ስጡ» አለን። ባለቤቴ ዘሀራ ግን «ልጄ ትምህርቷን በውሸት አትጀምርም» ብላ ነገሩን ቆረጠችው። ዕቃችንን ጭነን እዚያው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ሙቭ አደረግን።

ካርታ ላይ ሲያዩት ድልድይ መሻገር ነው። ይኼ ደግሞ ስደት ነው እንዴ ብላችሁ ትስቁ ይሆናል፤ እኔም ስቄ ነበር። ግን ሲልቨር ስፕሪንግ ሀያት ድክ ድክ ያለችበት ኮሪደር አለ። ብስክሌት የለመደችበት ፓርኪንግ አለ፤ እኔ ኮርቻውን ይዤ ከኋላ እየሮጥኩ በአማርኛ «አብሽሪ፣ ይዤሻለሁ» ስላት፣ እሷ በእንግሊዝኛ እንዳትለቀኝ እያለች ትጮህብኛለች። እስከ ዛሬም እኔ በአማርኛ እጠይቃለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። ጎረቤታችን እትዬ ሀሊማ ደግሞ ረመዳን ሲገባ ኮል ሳያደርጉ የሳምቡሳ ሳህን ይዘው በሩን ይቆረቁሩ ነበር፤ ሳህኑም ባዶውን ተመልሶ አያውቅም።

የአሌክሳንድሪያ ጎረቤቶቻችን ደጎች ናቸው፣ ሐሜት አይሁንብኝ። ኤሌቬተር ውስጥ ፈገግ ይላሉ። በቃ፣ ፈገግ ይላሉ። ፀጉር አስተካካዩም «እንዴት ላድርግልዎ?» ብሎ ጠየቀኝ። የሲልቨር ስፕሪንጉ ዮናስ ጠይቆኝ አያውቅም፤ በልጅነቴ የተፈነከትኩበትን ቦታ በጣቱ ዳብሶ ያገኝና ከዚያ ይጀምራል። ናፈቀኝ ወላሂ! ቅዳሜ ቅዳሜ ፀጉሬን ልስተካከል እያልኩ ድልድዩን መሻገር ጀመርኩ። መላጣ መሆኔን ያስታወሰችኝ ዘሀራ ናት።

ዓመቱ ሞላ፤ ሀያትም ዩኒቨርሲቲው ተቀበላት። ላይሰንሱ፣ ታክሱ፣ የቤት ኪራዩ ሁሉ የቨርጂኒያ ነው። የቀረው ነዋሪነታችንን የምታጣራው የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ በስልክ የምትጠይቀን ጥያቄ ብቻ ነበር። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገን ሦስታችንም ጠረጴዛውን ከበብን። ሴትየዋ ትሁት ናት። ስሜን፣ ሥራዬን፣ መቼ እንደገባን ጠየቀችኝ፤ አንበለበልኩላት። ከዚያ «ቨርጂኒያን ቋሚ መኖሪያዎ አድርገው ለመቀጠል ያስባሉ?» አለችኝ።

«አላህ ካለ» አልኳት፣ በእንግሊዝኛዬ።

«ይቅርታ፣ አዎ ነው ወይስ አይደለም?»

«አላህ ካለ ነዋ!»

የኮምፒዩተሯ ቁልፎች ድምፅ ቆመ። «እርግጠኛ ካልሆኑ እኮ ሪዚደንት ብዬ መመዝገብ አልችልም» አለች። የሀያት ፊት አመድ መሰለ። ዘሀራ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። «አዎ» ልል አፌን ከፈትኩ፤ ወላሂ ከፈትኩ። ቃሉ ግን ብቻውን አልወጣ አለኝ። ነገ በሕይወት ስለመንቃቴ የማላውቅ ሰው፣ የት እንደምኖር እንዴት አድርጌ ላረጋግጥላት? የልጄ ዕድል ምላሴ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ሀያት ስልኩን ወደ ራሷ ሳበችው። «እባክዎ አባቴን አንድ ነገር ይጠይቁልኝ» አለች። «ዛሬ እራት ይበላ እንደሆነ።»

ሴትየዋ ግራ ገባት መሰለኝ፣ ግን ጠየቀችኝ። ወጡ ምድጃው ላይ እየተንተከተከ ነው፤ ሽታው ቤቱን ሞልቶታል፤ ሳህኖቹም ፊታችን ተደርድረዋል።

«አላህ ካለ» አልኩ።

ሴትየዋ ሳቋን ለቀቀችው። «ገባኝ፣ ገባኝ» አለች፤ ቁልፎቹም እንደገና መንጣጣት ጀመሩ። ልጄ የቨርጂኒያ ልጅ ሆነች።

ነሐሴ ላይ ወስደን አደረስናት። ስንመለስ ዘሀራ ታለቅሳለች፤ እኔ መንገድ አያለሁ፣ ወይም የማይ መስያለሁ። የናፈቀኝ ሲልቨር ስፕሪንግ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ገና ምኑን አይቼ! እሷ የቨርጂኒያ ነዋሪ እንድትሆን ብለን የተከራየነው ቤት ውስጥ አሁን እኔና ዘሀራ ብቻችንን ነዋሪ ሆነን ቀረን።

የመጀመሪያው እረፍቷ ሲቃረብ ደወልኩላት። «ሐሙስ ትመጫለሽ አይደል? እትዬ ሀሊማም ሳምቡሳ ጠብሰው ድልድዩን ሊሻገሩልሽ ነው» አልኳት።

«አላህ ካለ፣ አባዬ» አለችኝ፣ ጥርት ባለ አማርኛ።

ልቤ በደስታ ቅልጥ አለ፣ አልዋሻችሁም። ስንት ዓመት በእንግሊዝኛ ስትመልስልኝ ኖራ! ግን ደግሞ አልጋዋ ተነጥፏል፣ እናቷ በር በሩን ማየት ጀምራለች።

«እሱንማ አውቃለሁ» አልኳት። «አዎ ነው ወይስ አይደለም?»