ላይ ፎቅና ምድር ቤትን ለማነጋገር

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል። ይህን ያለ ሰው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ሠርቶ እንደማያውቅ እምላለሁ። ደጅ ለደጅ እየተያዩ ዓመት ሙሉ ሳይነጋገሩ የሚኖሩ አሉ፤ ሰዎችን ብቻ አይምሰላችሁ፣ ኮምፒዩተሮችንም ጭምር ነው።

በደርግ ማብቂያ ግድም ከፒያሳ ወረድ ብሎ፣ ቸርችል ጎዳና ዳር፣ መድኃኒት በሚያከፋፍል መሥሪያ ቤት እሠራ ነበር። ላይ ፎቅ የሆስፒታሎችን ጥያቄ የሚቀበሉት ኮምፒዩተሮች በአንድ ዓይነት መረብ ተያይዘዋል፤ ምድር ቤት ያሉት የመጋዘኑ ደግሞ በሌላ። አንዱ የሌላውን ቋንቋ አይሰማም። ወረቀት ደረጃውን እስኪወርድ መድኃኒቱ መጋዘን፣ በሽተኛው አልጋ ላይ ይጠባበቃሉ።

መሐል ገብቶ የሚያስተረጉም ፕሮግራም እንድመርጥ ታዘዝኩ። የቀረቡት ሁለት ናቸው፦ አንዱ ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር፣ ሌላው ከምዕራቡ። በዚያ ዘመን ይህ ምርጫ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። እግሬ አልቀመጥ አለ። ፒያሳ እወጣለሁ፣ ማኪያቶ አዛለሁ፣ ሳልቀምሰው ሒሳብ ከፍዬ እነሳለሁ።

አንድ ጠዋት የላይ ፎቋ ኃላፊ ወይዘሮ ጽጌ ጠረጴዛዬ ዘንድ መጡ። አንድ የክፍለ ሀገር ሆስፒታል ኢንሱሊን ጠይቆ ጠይቆ መልስ እንዳጣ ነገሩኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ልጄ፣ አንተ የምትፈራው ካድሬ ነው፤ በሽተኞቹን የሚያስፈራቸው ሞት ነው" አሉኝ።

ያንኑ ጥያቄ በሁለቱም ፕሮግራሞች ላክነው። በወዳጃችን በኩል የተላከው የኢንሱሊን ጥያቄ መጋዘኑ ስክሪን ላይ ሲደርስ የፋሻ ሆኖ ተገኘ። በምዕራቡ በኩል የሄደው የኢንሱሊን እንደሆነ ደረሰ። የመጋዘኑ ኃላፊ ጓድ ታደሰ ስክሪኑን አይተው፣ "ይሄማ አለን እኮ" አሉ፤ ከሰዓት በኋላ መኪና ላይ አስጫኑት።

የምዕራቡ ይገዛ ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ሥራ አስኪያጁ ሲያስጠሩኝ ለባለቤቴ ደውዬ፣ ካመሸሁ እንዳትጨነቅ፣ ካላመሸሁም እንዳትጠይቀኝ ነገርኳት።

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ሁለቴ አነበቡት፤ እኔ ቆሜ ላቤን እጠርጋለሁ። ጥሩ ሥራ ነው አሉ። ሆኖም ወዳጅ አገር ማስቀየም አይገባም፤ ስለዚህ ላይ ፎቅ የምዕራቡ፣ ምድር ቤት የወዳጃችን ፕሮግራም እንዲገባ ወስነዋል።

"ጓድ፣ ሁለቱ እኮ አይግባቡም" አልኩ።

"ገብቶኛል" አሉ መነጽራቸውን አውልቀው። "ስለዚህ አንተ ሁለቱን የሚያስማማ ሦስተኛ ፈልግልን።"