ጋሽ ባሳ ራሳቸውን የሳቱ ዕለት

ረቡዕ ነበር ልበል? ሐሙስም ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዱን አዛንፌ ባስታውስ ይቅር በሉኝ። ቃሉን ግን አልረሳውም። «ራሱን ሳተ» የሚለውን ማለቴ ነው። እንደዋዛ እንወረውረዋለን። እናንተም አንድ ቀን ቆንጆ አይታችሁ «ራሴን ሳትኩ» ብላችሁ ይሆናል፤ ቆማችሁ ነው ያያችኋት፣ ታክሲም አላመለጣችሁም።

አከራዬ ጋሽ ባሳ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ናቸው። በተከራየሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ ጠዋት፣ ደጃፋቸው ቆሜ «እንደምን አደሩ?» አልኩ። ዝም። እግራቸው የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ፣ ጣታቸው ድሩ ላይ፣ ዓይናቸው ፍጥጥ። ሦስት ጊዜ ደገምኩ (ቆጥሬያለሁ)። ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ትከሻቸውን ይዤ እየነቀነቅኩ «ራሳቸውን ሳቱ!» ብዬ ጮህኩ።

ልጃቸው አልማዝ ሮጣ መጣች። «ኧረ ደህና ነኝ!» ቢሉ ማን ይስማቸው? ራሱን ሳተ የተባለ ሰው ምስክርነቱ አይቆጠርለትም። ጳውሎስ አካባቢ ወዳለ ክሊኒክ ወሰድናቸው። ግፊቱም ስኳሩም ደህና። አልማዝ ግን ቆርጣለች።

«በቃ አባዬ፣ ከእንግዲህ ጉድጓድ አትገባም። ብቻህን ሆነህ ብትደፋስ?»

«ጥለት እየቆጠርኩ ነበር እኮ። ጥለት የሚቆጥር ሸማኔ ሰላም ይባላል?»

«አይባልም። ግን በቅንድብህ እንኳ ‹ቆይ› አትልም?»

«ቅንድቤንማ አንስቻለሁ። ይሄ ልጅ የቅንድብ ቋንቋ መች ያውቃል?»

እውነት ነው፣ አላውቅም። ትክክለኛው ቃል የመጣልኝ ያኔ ነው፤ ተመስጠው ነበር። መመሰጥና ራስን መሳት ከውጭ ሲያዩአቸው መንታ ናቸው፤ ዓይን ይፈጣል፣ ጆሮ ይዘጋል። ልዩነቱ እጅ ላይ ነው። ራሱን የሳተ ሰው እጁም አብሮት ይሄዳል፤ የተመሰጠ ሰው ግን ያለው እጁ ላይ ነው።

«ጥለቱን እንየው» አልኩ።

«እሺ። ከተዛባ ግን ጉድጓዱን በአፈር ነው የምሞላው» አለች አልማዝ።

ቤት ገብተን ሁለታችንም ድሩ ላይ አጎነበስን። የሸማኔ ልጅ ናት፤ ጣቷ ፈጣን ነው። የመጨረሻው መስመር ላይ ቆመች። «ይኸው! ሁለት ክር ተዘሏል!»

ጋሽ ባሳ ግን መነጽራቸውን እንኳ አላወጡም። «እሱ የእኔ አይደለም፤ የልጁ ነው። እዚያ ላይ ነው የነቀነቀኝ።»

አልማዝ ሳቋን መያዝ አቃታት። ጉድጓዱም ተረፈ።

እኔ ግን ተጠራጣሪ ነኝ። ነጠላው አልቆ ሲወርድ ጥለቱን ከዳር እስከ ዳር፣ መስመር በመስመር ቆጠርኩት። ስህተቱ አንድ ብቻ ነው፤ የእኔው።