ውሃ የለም፤ ተረጋግጧል

(ጠዋት ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቤት፤ ኩሽናውና ሳሎኑ አንድ ክፍል ናቸው። በሩ አጠገብ አራት ጀሪካን ተደርድሯል፣ ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፕ ተከፍቷል። አማች፣ ማለትም የፕሮግራመሩ ሚስት ወንድም፣ የሕፃን አልጋ ሲፈታታ ቆይቶ አሁን ካቻቢቴውን አስቀምጦ ተነስቷል። እጁ በግራሶ ጠቁሯል።)

ፕሮግራመር፦ ግማሽ ጣሳ አልኩ፣ ግማሽ ጣሳ ነው።

አማች፦ በግማሽ ጣሳ የምታጠበው አንድ እጄን ነው። ሌላኛውን ምን ላድርገው?

ፕሮግራመር፦ በታጠበው እሸው።

አማች፦ ያኔ ሁለቱም ይቆሽሻሉ።

ፕሮግራመር፦ በግማሽ ነዋ የሚቆሽሹት። ተወው፣ ሒሳብ ነው፣ አይገባህም።

አማች፦ ደግሞስ ቧንቧ እያለ በጣሳ ምን ያጣላናል? እሱን ከፈት አድርገን...

ፕሮግራመር፦ እንዳትነካው። እጅህን እንኳ እንዳታስጠጋ።

(አማች ቧንቧውን ጠጋ ብሎ ያያል። አፉ ላይ ፕላስተር ተጠምጥሞበታል።)

አማች፦ ምን ሆኖ ነው የታሸገው?

ፕሮግራመር፦ ውሃ ከጠፋ ዛሬ ሃያ ስድስተኛ ቀኑ ነው። አንድ እንዳንተ ያለ ሰው ከፍቶ ሞክሮ፣ ረስቶት ቢወጣ፣ ውሃው የመጣ ቀን ቤቱ ተጥለቀለቀ ማለት ነው። ስለዚህ የቤቱን ቧንቧ በሙሉ አሽጌዋለሁ። የመታጠቢያ ቤቱንም።

አማች፦ እና ውሃው የመጣ ቀን በምን ታውቃለህ?

ፕሮግራመር፦ (ፊቱ በርቶ) ይሄንን ጥያቄ ነው የምፈልገው። ቁጭ በል።

አማች፦ እጄስ?

ፕሮግራመር፦ እጅህን ወደ ላይ አድርገህ ቁጭ በል።

(አማች እንደተማረከ ሰው እጁን ሰቅሎ ይቀመጣል።)

ፕሮግራመር፦ እህትህ ለምንድን ነው እናታችሁ ቤት የሄደችው?

አማች፦ ውሃ ስለሌለ። የልጅቷ ጨርቅ የሚታጠብበት ጠፋ ብላ።

ፕሮግራመር፦ ስትወጣ ምን አለችኝ?

አማች፦ "ውሃ ሲመጣ ደውልልኝ።"

ፕሮግራመር፦ ዛሬ አንተን ለምን ላከችህ?

አማች፦ አልጋውን እንዳመጣላት። ልጅቷ መገላበጥ ጀምራለች፣ ከእናቴ አልጋ ላይ ትወድቃለች ብላ ፈርታ ነው።

ፕሮግራመር፦ አየህ። አልጋው ከዚህ ቤት ከወጣ እነሱም ወጡ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ "እዚሁ ለምደናል" ነው የሚመጣው። ልጄ ጥርስ ስታወጣ በስልክ ነው ያየሁት፤ እሱንም ኔትወርኩ እየቆራረጠው። ናፍቀውኛል። ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ሳስል እንኳ ድምፄ ተመልሶ ይመጣብኛል። ስለዚህ ውሃው የመጣባት ደቂቃ እንድታመልጠኝ አልፈልግም። ለዚህ ስል ስክሪፕት ጻፍኩ።

አማች፦ ለማን?

ፕሮግራመር፦ ደብዳቤ አይደለም እኮ። ትንሽ ፕሮግራም ነው። የመብራቱ፣ የኔትወርኩ፣ የውሃው መሥሪያ ቤት፣ አገልግሎት ሲቋረጥና ሲመለስ ድረ ገጹ ላይ ማስታወቂያ ያወጣ የለም? ስክሪፕቱ በየአምስት ደቂቃው ገብቶ ያነብልኛል።

አማች፦ በየአምስት ደቂቃው? ሌላ ሥራ የለውም?

ፕሮግራመር፦ ሥራው እሱ ነዋ። አዲስ ነገር ካገኘ ስልኬን ያስጮኸዋል። ጠዋት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ደግሞ ያለውን ሁኔታ ለሰፈሩ ሰው በሙሉ በግሩፕ ይልካል። በነፃ ነው። ያመሰገነኝ ሰው ግን የለም።

አማች፦ ግሩፑ ላይ አላመሰገኑህም?

ፕሮግራመር፦ ግሩፑ ላይማ መጻፍ አይችሉም፣ ዘግቼባቸዋለሁ። አንዱ "መጣ" ይላል፣ ሌላዋ "እኔ ጋ ቀጥኗል" ትላለች፤ አሉባልታ በአሉባልታ ሆነ። አሁን እዚያ የሚጽፈው ስክሪፕቱ ብቻ ነው። ጥርት ያለ መረጃ።

አማች፦ ቆይ፣ ስመጣ እኮ ምድር ቤት ያለችው ሴትዮ በጎማ አበባዋን ስታጠጣ ነበር።

ፕሮግራመር፦ እሷ መረጃ ስለሌላት ነው።

አማች፦ (አሰብ አድርጎ) ልክ ነህ፤ ቢነግሯት ታቆም ነበር። ከላይ ቤት ግን አሁንም የሚወርድ ውሃ ይሰማኛል።

ፕሮግራመር፦ እሱ አየር ነው። ባዶ ቧንቧ አየር ሲገባበት ልክ እንደ ውሃ ነው የሚጮኸው። ሰሞኑንማ ሌት ተቀን ነው አየሩ። ጠዋት ጠዋትማ ይብሳል።

አማች፦ አየሩ ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

ፕሮግራመር፦ አንተ ሰውዬ፣ እኔ በየቀኑ ሁለት ጀሪካን ከመሥሪያ ቤቴ ተሸክሜ አራት ፎቅ የምወጣው መዝናኛ መስሎህ ነው? ወገቤን በጨርቅ ጠፍሬ ነው የምሠራው። ውሃ ቢኖር እኔ ነኝ መጀመሪያ የማውቀው።

አማች፦ እሺ አትቆጣ። እኔ ያልገባኝ አንድ ነገር ነው። ያ የምትለው ነገር የሚያነበው የማንን ጽሑፍ ነው?

ፕሮግራመር፦ የውሃ መሥሪያ ቤቱን። ያንተን መሥሪያ ቤት ነዋ። ዕቃ ክፍል ስለሆንክ አታውቀው ይሆናል እንጂ፣ እናንተ ጋ ማስታወቂያ የሚጽፍ ክፍል አለ።

አማች፦ አውቀዋለሁ። እኔ ነኝ።

ፕሮግራመር፦ ምንድን ነህ?

አማች፦ የሚጽፈው። ከዕቃ ክፍል ካዛወሩኝ ወር ሞላኝ። የቧንቧ መገጣጠሚያ ስቆጥር ሁልጊዜ አንድ ይጎድልብኝ ስለነበር፣ "አንተ ወንበር ላይ ይሻልሃል" ብለው ወደ ማስታወቂያ አመጡኝ።

ፕሮግራመር፦ እስከዛሬ ሳትነግረኝ?

አማች፦ ጠይቀኸኝ አታውቅም። ስንገናኝ ሁልጊዜ የምትናገረው አንተ ነህ። (ልቡ ተነክቶ) እና የኔን ጽሑፍ በየአምስት ደቂቃው ታስነብባለህ? አለቃዬ እንኳ አንድ ቀን ከፍቶት አያውቅም።

(ፕሮግራመሩ ወንበሩን ጎትቶ አማቹ አፍንጫ ስር ይቀመጣል።)

ፕሮግራመር፦ ስማኝ ወንድሜ። በእጄ ላይ ወርቅ ይዤ ነው ለካ የተቀመጥኩት። መሐንዲሶቹ ምን ይሉሃል? ውሃው መቼ ነው የሚመለሰው?

አማች፦ እነሱን የት አግኝቼ? የመጀመሪያው ቀን መስመሩ ተሰብሯል ብለው ነገሩኝ፣ ጻፍኩ። ከዚያ መኪናቸውን ይዘው ሄዱ። ስደውል አያነሱም። አለቃዬን ብጠይቀው "በየቀኑ ከነዋሪ እያረጋገጥክ ጻፍ" አለኝ።

ፕሮግራመር፦ ጥሩ ብሏል። አሠራር ማለት እሱ ነው። ታረጋግጣለህ ታዲያ?

አማች፦ አንድ ቀን ሳላረጋግጥ ጽፌ አላውቅም። እህቴ የዚህ ሰፈር ግሩፕ ውስጥ አስገብታኝ የለ? እዚያ ላይ አንድ የታወቁ ሰው አሉ። ሁለት ሰዓት ሲሆን፣ ደቂቃ ሳያዛንፉ፣ "ውሃ የለም፤ ተረጋግጧል" ብለው ይጽፋሉ። እኔ ሁለት ተኩል ላይ ቢሮ ስገባ እሱን አይቼ "ውሃው እንደተቋረጠ ነው" ብዬ አወጣለሁ።

(ፕሮግራመሩ ቀስ ብሎ ከወንበሩ ይነሳል።)

ፕሮግራመር፦ ሰውዬው... ስማቸው ማን ይባላል?

አማች፦ አቶ ንቁ።

ፕሮግራመር፦ ንቁ።

አማች፦ ትልቅ ሰው ይመስሉኛል። ወሬ አያበዙም። በዚህ ዕድሜያቸው በየማለዳው ተነስተው ቧንቧ ከፍተው እያዩ መጻፋቸው በጣም ነው የሚገርመኝ። አንድ ቀን በግል "እድሜ ይስጥልኝ አባቴ፣ ጤናዎ እንዴት ነው?" ብዬ ጻፍኩላቸው። አልመለሱም። ትንሽ ከፋኝ፣ ግን ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል ብዬ ተውኩት። ታውቃቸዋለህ እንዴ?

ፕሮግራመር፦ አውቀዋለሁ።

አማች፦ አንተ ደግሞ ለትልቅ ሰው "እሱ" ትላለህ?

ፕሮግራመር፦ የወለድኩት እኔ ነኝ። ንቁ ብዬ ስም ያወጣሁለትም እኔ ነኝ። ስክሪፕቱ ነው።

አማች፦ ሰው አይደሉም?

ፕሮግራመር፦ አይደሉም።

አማች፦ ታዲያ "ተረጋግጧል" የሚሉት ምን አረጋግጠው ነው?

ፕሮግራመር፦ ከመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ካገኘው "ተረጋግጧል" እንዲል አድርጌ ነው የሠራሁት። ቆይ፣ እስቲ ቀስ ብለን እንየው። አንተ ትጽፋለህ።

አማች፦ እጽፋለሁ።

ፕሮግራመር፦ እሱ ያንተን ያነባል።

አማች፦ ያነባሉ።

ፕሮግራመር፦ ያነበበውን ግሩፑ ላይ ይልካል። አንተ ደግሞ እሱን አይተህ እንደገና ትጽፋለህ።

አማች፦ እህ። ተጋግዘን ነዋ የምንሠራው።

(ከላይ ቤት የሚወርድ ውሃ ድምፅ ይሰማል። ሁለቱም ቀና ብለው ጣሪያውን ያያሉ።)

ፕሮግራመር፦ ፕላስተሩን ቅደደው።

አማች፦ እንዳትነካው አላልከኝም?

ፕሮግራመር፦ ቅደደው ስልህ።

(አማች ፕላስተሩን በጥርሱ ቀድዶ ቧንቧውን ይከፍታል። ቧንቧው ያስላል፣ ቡና ዓይነት ውሃ ይተፋል፣ ከዚያ ጥርት ብሎ ይወርዳል። አማች ሁለቱንም እጁን አስገብቶ መታጠብ ይጀምራል።)

አማች፦ ብርድ ብርድ ይላል፣ ግን ጥሩ ነው። ሳሙና አለ?

ፕሮግራመር፦ (ጀሪካን ላይ ተቀምጦ) መቼ ነው የመጣው?

አማች፦ እንጃ። እኔ ጋ የተጻፈ ነገር የለም።

ፕሮግራመር፦ አንተ ነህ እንዲህ ያደረግኸኝ። እንዴት ሰው አንድ ጊዜ እንኳ በዓይኑ ሳያይ ሃያ ስድስት ቀን ሙሉ ውሃ የለም ብሎ ይጽፋል?

አማች፦ እኔ እኮ የምኖረው ወንዙ ማዶ ነው። እዚህ ሰፈር ውሃ ይኑር አይኑር ከቤቴ አይታየኝም። አንተ ግን ከዚህ ወንበር እስከ ቧንቧው አራት እርምጃ ነው።

ፕሮግራመር፦ ሦስት ተኩል።

አማች፦ ይኸው፣ ለክተኸዋል።

(ፕሮግራመሩ ስልኩን አውጥቶ ይደውላል፤ ሲያነሱለት ብድግ ይላል።)

ፕሮግራመር፦ ሄሎ፣ እኔ ነኝ። ውሃ መጥቷል። አይ፣ ኮምፒውተሩ አይደለም፣ በዓይኔ እያየሁት ነው። ወንድምሽ እየታጠበበት ነው። (ያዳምጣል) እ? (ድምፁ ይቀንሳል) ታውቂ ነበር? ከመቼ ጀምሮ? (እንደገና ያዳምጣል) እሺ። እሺ፣ ገብቶኛል። እሺ የኔ እመቤት።

(ስልኩን ይዘጋል። ቧንቧውን ራሱ ሄዶ ይዘጋዋል፣ ደግሞ ትንሽ ከፍቶ ያየዋል፣ ደግሞ ይዘጋዋል።)

አማች፦ ምን አለች?

ፕሮግራመር፦ ምድር ቤት ያለችው ሴትዮ በአምስተኛው ቀን ደውላ ነግራታለች።

አማች፦ በአምስተኛው? ታዲያ ለምን አልመጣችም?

ፕሮግራመር፦ እኔም እሱን ጠየቅኳት። "ደውልልኝ ብዬህ ነበራ፣ ስልክህን ስጠብቅ ነው" አለች። "ከናፈቅንህ በቀን አንዴ እንኳ ቧንቧ ከፍተህ ታያለህ ብዬ ነበር" አለች።

(አማች እጁን ሱሪው ላይ ያብሳል። የአልጋውን ብሎኖች ከወለሉ ላይ መልቀም ይጀምራል።)

አማች፦ እና ልፍታው ወይስ ልግጠመው?

ፕሮግራመር፦ ይገጠማል፣ ዛሬውኑ ይመጣሉ። ግን ዕቃ ስላለ ብቻዋን አትችልም፣ አንዳችን ሄደን እናመጣታለን።

አማች፦ ማናችን?

ፕሮግራመር፦ እሱንም ነግራኛለች። "ብልጡ ቤት ይቅርና አልጋውን ይግጠም፣ ሞኙ መጥቶ ይውሰደን" ነው ያለችው።

አማች፦ (ተነስቶ፣ ቅር ሳይለው) እሺ። ካቻቢቴው እዚያ አለልህ። ብሎኖቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፣ ረጃጅሞቹ ለእግሩ ነው። ጫማዬን የት ነበር ያወለቅኩት?

(ቀና ሲል ፕሮግራመሩ ጃኬቱን ለብሶ፣ ጫማውን አስሮ፣ በሩን ከፍቶ ቆሟል።)

ፕሮግራመር፦ አንተ ቁጭ በል። ተጠራሁ እኮ።