ስለ ባለ ሁለት ምስማሩ መደርደሪያ ፊርደውስ ወደ ኮምቦልቻ የዘመተችው ዘመቻ

ፊርደውስ ከሩቅ አገር ተመልሳ በደሴ በነገሠች፣ መንገሥ የሚለው ቃል ከበዛባትም በተቀመጠች በሁለተኛው ዓመት፣ በዘመነ መብራት መቆራረጥ፣ የፒያሳ ባጃጆች አድማ መትተው በማግሥቱ በተመለሱበት ወር፣ በወርኃ ጥር፣ ይህ የምንጽፈው ታላቅ ነገር ሆነ። የምንጽፈውም ያየነውን እንጂ የሰማነውን አይደለም፤ የሰማነውም ቢኖር ከታመነ ሰው፣ ከሻይ ቤቷ ባለቤት ከዙበይዳ የሰማነው ነው።

ይህች ፊርደውስ መጽሐፍን በኮከብ የምትመዝን፣ ኢስቶኒያ በምትባል የብርድ አገር አራት ክረምት የተማረች፣ የዲግሪዋን ወረቀት በፕላስቲክ አሽጋ ከአልጋዋ ሥር ያኖረች፣ በአክስቷ ልጅ ፎቶ ኮፒ ቤት የሰው መታወቂያ ስታባዛ የምትውል፣ ጠዋት እቆያለሁ ብላ ከሰዓት እሄዳለሁ የምትል ነበረች። ከተመለሰች ወዲህ በእጇ የሠራችው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም በፒያሳ፣ በዙበይዳ ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ የቸነከረችው የወጣቶች መጻሕፍት መደርደሪያ ነው። ጣውላው አንድ፣ ምስማሩ ሁለት። ሦስተኛውን ምስማር ልትመታ መዶሻ ባነሣች ጊዜ፣ ለሌላ ትምህርት ወደ ባሕር ማዶ ልትልከው የሞላችው ማመልከቻ ትዝ አላትና ምስማሩን በቦርሳዋ ኪስ ከተተችው። ስለዚህም መደርደሪያው ወደ ግራ አዘነበለ፤ በላዩ ያሉት መጻሕፍትም ሁሉ ተያይዘው ወደ በሩ የሚሸሹ ይመስሉ ነበር።

እነሆ ሠራዊቷን እንቁጠር። የቅዳሜ አንባቢዎች የሚባለው ማኅበር አበጋዝ እትዬ አትጠገብ ናቸው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ታሪክ ያስተማሩ፣ ጡረታ የወጡት ከክፍል እንጂ ከማስተማር ያልሆነ፣ ሰሞኑን ምን አነበቡ ቢባሉ ያንኑ ወፍራሙን የነገሥታት ታሪክ ለአራተኛ ጊዜ ጀመርኩ የሚሉ። ከእርሳቸው ቀጥሎ ጋሽ ሞላ መጽሐፍ ጠራዡ፣ የሚያነቡት የሚሰፉትን ብቻ ስለሆነ የብዙ መጽሐፍ መካከሉን እንጂ ጫፉን የማያውቁ። ከእርሳቸው ቀጥሎ ጀሚል የኮምቦልቻው፣ በክር መፍተያ ማሽን ላይ ቆሞ የሚውል፣ የፍቅር ልብ ወለድ ወዳጅ፣ በመጨረሻው ገጽ ሰው ካልተጋባ መጽሐፉን የሚቀየም። ከእርሱም ቀጥሎ ወንድምአገኘሁ ባለ ባጃጁ፣ ተራ እስኪደርሰው የሚያነብ፣ ተራው ሲደርሰው የሚናደድ። ዙበይዳ አባል አይደለችም፤ ነገር ግን ከማንቆርቆሪያው ጀርባ ሆና ሁሉን ትሰማለች፣ በሁሉም ላይ ትፈርዳለች።

የማኅበሩም ሕግ ሦስት ነው። መጽሐፍ ሳይመረቅ አይነቀፍም፤ አስተያየት የሚሰጥ ሰው ተነሥቶ፣ መዳፉን ዘርግቶ፣ መጽሐፉንና ጸሐፊውን ይመርቃል፤ የቀረውም እንደየእምነቱ አሜን ወይም አሚን ይላል፤ ከዚያ በኋላ ልቡ እስኪረካ ቢነቅፍ ማንም አይቀየመውም። ደግሞም ለሁሉ የሚገዛው መጽሐፍ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ጋሽ ሞላ በቢላቸው ከሦስት ይከፍሉታል፤ የገጽ ቁጥሩ እስኪጠፋ ጠርዙን ከርክመው ለየክፍሉ የአሮጌ ቀን መቁጠሪያ ካርቶን ያለብሱታል፤ ሁሉም ተቀያይሮ ካነበበው በኋላ መልሰው አንድ ያደርጉታል። የመጨረሻውም ሕግ፣ ፍጻሜውን ላላነበበ ሰው የተናገረ የተረገመ ይሁን የሚል ነው።

ፊርደውስ ግን በመጣችበት ወራት የመጀመሪያውን ሕግ ሳታውቅ ተነሥታ፣ ምርቃትም ሳታደርግ፣ እትዬ አትጠገብ የሚወዱትን መጽሐፍ ሁለት ኮከብ ተኩል ብላው ነበር። ከሁለቱ ይልቅ ተኩሏ አስቆጣቻቸው። በይእቲ ዕለት እትዬ አትጠገብ እንዲህ ብለው አወጁ፦ «አንቺ ልጅ፣ ኮከብ የሰማይ ነው፤ ገምሰሽ የምትሰጪው ከየት አምጥተሽ ነው?» ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሟ ተኩል ሆነ። ባጃጅ ውስጥ ሳይቀር ተኩል ተባለች።

ከዚህም በኋላ በዚያ ባዘነበለ መደርደሪያ ላይ «ሟቹ ቀጠሮ አለበት» የሚባል አዲስ የወጣቶች ልብ ወለድ አኖረች። መጽሐፉም ስለ ናርዶስ ነው፤ ናርዶስ የሙታንን ድምፅ የምትሰማ የአሥራ አምስት ዓመት ተማሪ ናት። ረዳቷ የአንድ የፖሊስ ሻምበል መንፈስ ነው፤ ከሞተ በኋላም ቢሆን ቃል በሦስት ኮፒ ካልተጻፈ አልቀበልም የሚል። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ በኬሚስትሪ ክፍል ሞቶ ተገኘ፤ መንፈሱም ገዳዬን እነግራችኋለሁ ብሎ ቀጠሮ ሰጠ፤ በቀጠሮውም ቀረ። ነገሩ ይኸው ነው።

ዙበይዳም ይህን በሰማች ጊዜ እንዲህ ስትል አወጀች፦ «ያች ግድግዳ የኔ ናት! ብርጭቆዬ መሬት ተቀምጦ የሬሳ መጽሐፍ ከላይ አይንጠላጠልም፣ ወላሂ! ጣውላዋን ለብርጭቆ እፈልጋታለሁ።» እትዬ አትጠገብም ፈረዱ፦ «ፊርደውስ ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት ተኩል ትነሣና አስተያየቷን ትስጥ። መጽሐፉ ከተወደደ መደርደሪያው ይቆማል፤ ካልተወደደ ብርጭቆ ይግባበት።» ፊርደውስም ለሰው ሁሉ ጣውላ ነው፣ ምን ቸገረኝ አለች፤ ቤቷ ገብታ ግን የምትናገረውን በተበላሸ ፎቶ ኮፒ ጀርባ መጻፍ ጀመረች።

ጋሽ ሞላ እንደ ሕጉ ከሦስት ከከፈሉት መጽሐፍ ሁለቱን ክፍሎች አንብባ ነበር። ሦስተኛው ክፍል ግን ሌሎቹ ሁሉ ካነበቡት በኋላ በጀሚል እጅ፣ በኮምቦልቻ ነበረ። ስለዚህ ሐሙስ ቀን ዘመተች። ረዳቱ «ኮምቦልቻ አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ባወጀበት፣ ሰባት ወንበርም ባዶ በነበረበት ሚኒባስ ተሳፈረች፤ ከእርሷም ጋር ሁለት ዶሮ፣ አንድ ጆንያ ሽንኩርትና የሙሽራ ፍራሽ ዘመቱ። ከደሴ ሹራቧን ለብሳ የተነሣችው ዘማች ቁልቁለቱን በጨረሰች ጊዜ ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራ ነበር። ፍራሹም በየመታጠፊያው ይወድቅባት ነበር፤ እርሷም ታግሣ መለሰችው።

ጀሚል ከፋብሪካው በር፣ ጥጥ በጥጥ ሆኖ ወጣና ሦስተኛውን ክፍል በሁለት እጁ አስረክቧት እንዲህ ሲል አወጀ፦ «ፊርዱ፣ ወላሂ እንደዚህ ያለ መጨረሻ አይቼ አላውቅም። ማንም አያገባም፤ ግን አለቀስኩ። ማሩ ሲቆረጥ አለቀስኩ። ሌላ አልነግርሽም፣ ሕግ ነው።» ይህንም ብሎ ወደ ማሽኑ ተመለሰ። እርሷም የምን ማር ነው እያለች ሽቅብ በሚመለሰው ሚኒባስ ገባች።

ሁለተኛው ክፍል ያለቀው ናርዶስ በመካነ መቃብር፣ በሬሳ ሣጥኑ አጠገብ ተንበርክካ እጇን ክዳኑ ላይ ስታሳርፍ ነበር። ፊርደውስም ሦስተኛውን ገለጠች። «ክዳኑ የሚከፈተው ከኋላ ቆሞ፣ ቀስ ተብሎ ነው። መደንገጥ አያስፈልግም። እነሱ የሚቆጡት ሲነቀነቁ ነው» ይላል። ፀጉሯ ቆመ። በልቧም አራት ኮከብ አለች። ገጹን ገለበጠች፤ «ጓንትና የፊት መሸፈኛ ማድረግ ይመከራል።» ይህም ተገቢ ነው አለች። ደግማ ገለበጠች፤ «ሁለት ኪሎ ስኳር በውኃ በጥብጦ ከቀፎው አጠገብ ማኖር።» ናርዶስን ፈለገቻት፣ የለችም። ሻምበሉን ፈለገችው፣ የለም። በቦታቸው ስለ ሰም፣ ስለ ጉንዳን መከላከያና ስለ ማር አቆራረጥ ተጽፏል፤ የቀፎ ሥዕልም አለ፣ ከነልኩ።

እዚህ ላይ ከጥንት ጠላቷ ከጥርጣሬ ጋር ገጠመች። ንብ ማርቢያ ነው አለች። ወዲያው ደግሞ፣ በዚያ በብርድ አገር አንድ መምህሯ ከባቡር ሰዓት ዝርዝር ብቻ የተሠራ ልብ ወለድ አስነብበዋት፣ ሁሉም አጨብጭቦ እርሷ ብቻ ሳይገባት ማጨብጨቧ ትዝ አላት። ምናልባት ይህም እንደዚያ ይሆናል፤ ምናልባት እኔ ነኝ ያልገባኝ አለች። የጦሳ ተራራ ብቅ እስኪል ድረስ አራቱን ኮከብ አልነጠቀችም።

ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት ተኩል ማኅበሩ ተሰበሰበ። በልማዱ መሠረት ሁሉም ሰሞኑን ያነበበውን ተናገረ፤ ሁሉም ያነበበው ያንኑ ሦስተኛ ክፍል ነበር። እትዬ አትጠገብ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ፍጻሜውን ያላነበበ በቤቱ አለመኖሩን አረጋግጠው፣ አወጁ፦ «ናቅሁት፤ ግን ተሳስቻለሁ። ንቦቹ የሟቾቹ ነፍስ ናቸው። ማሩ ታሪክ ነው። ስኳሩ... ስኳሩን ገና እያሰብኩበት ነው።» ወንድምአገኘሁም፦ «እኔም እንደዛው ነው የገባኝ» አለ፤ እርሱ ሦስት ጊዜ አንብቦት ለባጃጅ ጓደኞቹ ምንም እንዳልገባው ነግሯቸው ነበር። ጀሚል እንደ ገና ዓይኑን ጠረገ። የሁሉም እጅ መደርደሪያው ይቁም ለማለት ሊነሣ ተቃርቧል።

ያን ጊዜ ፊርደውስ ወጥመዱን አየች። ዝም ካለች መደርደሪያዋ ይቆማል። ከተናገረች ግን እትዬ አትጠገብን በሰው ፊት ታሳፍራለች፣ ተኩል የሚለውን ስም እስክትሞት ትሸከማለች፣ ብርጭቆም ይገባበታል። ቢሆንም ተነሣች። መዳፏንም ዘረጋች።

መረቀችም፦ «ጸሐፊው እጁ አይዛል፣ ቀለሙ አይድረቅ። ናርዶስ እህል ትቅመስ፤ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ ምንም አልበላችም። የሻምበሉ መንፈስ ብዕር ይያዝለት። መጨረሻው የጠፋበት ሁሉ መጨረሻው ይገኝለት።» ቤቱም አሜን አለ፣ አሚንም አለ፤ ዙበይዳ ሳታስበው አሚን አለች።

ከዚያ በኋላ ነቀፈች። መጀመሪያው ይንዛዛል፤ ጸሐፊው ሊያስፈራ ሲል አሁን ላስፈራችሁ ነው እያለ ያስጠነቅቃል፤ ፖሊስ ጣቢያውም የሙት ልጅ የመሰለ፣ ከመንፈስ በቀር ሰው የሌለበት ነው አለች። ሻምበሉ ቃሉን ሊፈርም ብዕሩ በመዳፉ አልፎ መሬት ሲወድቅ፣ ናርዶስም አንሥታ ስለ እርሱ ስትፈርምለት ግን፣ እዚያ ላይ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ተቀመጥኩ አለች። በመጨረሻም አወጀች፦ «ይህ ሦስተኛ ክፍል ግን መጽሐፉ አይደለም። ንብ ማርቢያ ነው። ንቦቹም ንብ ናቸው፣ እትዬ። እኔም ራሴ ሐሙስ ዕለት እስከ ጦሳ ድረስ አራት ኮከብ ሰጥቼው ነበር።»

ጋሽ ሞላ ካርቶኑን ተቀብለው አገላበጡት፣ አሸተቱት፣ መነጽራቸውንም አወለቁ። «ጥፋቱ የኔ ነው» ብለው አወጁ። «የቦሩ ሜዳ ሰውዬ ለስፌት ያመጣው የንብ መጽሐፍ ነበር። ልኩ አንድ፣ የለበሰው የአንድ ዓመት ቀን መቁጠሪያ። አንዱን ለአንዱ ሰፋሁት፣ ምነው እጄን በቆረጠው!» እትዬ አትጠገብ ወደ ጣሪያ ይመለከቱ ነበር። ዙበይዳም ጊዜ አላባከነችም፤ አሥራ ሁለት ብርጭቆ በትሪ ይዛ ወደ መደርደሪያው ገሠገሠች።

ያን ጊዜ በሩ ላይ አንድ ሰው ቆመ። ጋቢ ለብሷል፤ አንድ ዓይኑ አብጦ ተከድኗል፤ በብብቱም የቀን መቁጠሪያ ካርቶን የለበሰ መጽሐፍ ይዟል። ድምፁንም ከፍ አድርጎ አወጀ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የቦሩ ሜዳ አግማስ ነኝ። ጠራዡ እዚህ ናቸው ቢሉኝ ነው። ጌቶቼ፣ ይህን ሰው ማን እንደ ገደለው አውቃለሁ፤ ማን እንደ ሞተ ግን አላውቅም! ሦስት ሳምንት ሙሉ እርሻ ላይ ቆሜ የማስበው እሱን ነው። የቀፎ አከፋፈቱን ሳላነብ በፊት ለፊት ከፍቼ ንቦቼ ዓይኔን አወጡት፣ እሱስ ይሁን። በሚካኤል ይዣችኋለሁ፣ የሞተው ማን ነው? ገዳዩማ ያቺ...»

ማኅበሩ በአንድነት ጆሮውን ያዘ። ጀሚል ጠረጴዛ ሥር ገባ። ዙበይዳ እንኳ ትሪዋን አስቀምጣ ጆሮዋን ደፈነች፤ ስትሰማ ከርማ ኖሯልና። እትዬ አትጠገብ ተነሥተው እንደ ነጋሪት ጮኹ፦ «አያ አግማስ፣ ገዳዩን በአፍዎ ይዘው ይቀመጡ! አንድ ቃል እንዳይወጣዎት! ዙበይዳ፣ ሻይ!»

አያ አግማስም አፋቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ይዘው ተቀመጡ። ፊርደውስ የመጀመሪያውንና ሁለተኛውን ክፍል በሁለት እጇ ሰጠቻቸው፤ የንቡንም ጨመረችላቸው፤ እርሳቸውም የናርዶስን ፍጻሜ ሰጧት። ባበጠው ዓይናቸው ሳይሆን በደህናው የመጀመሪያውን ገጽ አነበቡ፣ «ዘበኛው!» ብለውም በእፎይታ ግድግዳውን ተደገፉ።

ወእምዝ እትዬ አትጠገብ ፍርዳቸውን ሰጡ፦ «አንድ ዓይና ሰው ከቦሩ ሜዳ ድረስ የጎተተ መጽሐፍ ሌላ ምስክር አያሻውም። መደርደሪያው ይቁም። አያ አግማስም አባል ናቸው። ስለ ንቦቹ ያልኩት ግን ከዜና መዋዕሉ ይፋቅ። ዜና ጸሐፊው ሰምቷል?» ዜና ጸሐፊው ሰምቷል፤ አልፋቀም።

ዙበይዳም ሽንፈቷን እንዲህ ስትል አወጀች፦ «እሺ ይቁም። ግን ይኸው ወደ በር ያዘነብላል፤ ብርጭቆ ቢሆን አንድ አይተርፍም ነበር። አንቺ ልጅ፣ ወይ ምቺው ወይ ንቀዪው! መሐል ላይ አታንጠልጥዪው።»

ፊርደውስ ያዘነበለውን ጣውላ በመዳፏ ደግፋ ቀና አደረገችው። ከዚያ እጇን በቦርሳዋ ኪስ ከተተች። የጋሽ ሞላን መዶሻ ተዋሰች፤ አራት ጊዜም መታች፤ ሦስቱ ምስማሩን፣ አንዱ አውራ ጣቷን አገኙ። መጻሕፍቱም ቀጥ ብለው ቆሙ። ማመልከቻዋን ስለ መሰረዟ ዜና ጸሐፊው የሚያውቀው የለም፤ ምስማሩን ግን በዓይኑ አይቷል።

ኦ ፊርደውስ፣ ከፍራሽ በታች ወደ ቆላ ወርደሽ ከንብ ጋር ወደ ደጋ የወጣሽ፤ መርቀሽ የነቀፍሽ፤ ንብን ንብ ብለሽ የመሰከርሽ፤ ከጣውላሽ ይልቅ እውነትን የመረጥሽ፣ ጣውላሽም የተመለሰልሽ፤ ከጦሳ ግርጌ እስከ ኮምቦልቻ ቆላ፣ ከፒያሳ እስከ ቦሩ ሜዳ ቀፎዎች ስምሽ በክብር ይጠራ! ለዘመቻሽ አሜንም አሚንም እንላለን፤ ለሦስተኛው ምስማርሽም አምስት ኮከብ፣ ተኩል ሳይጎድል።